የጋራ ቤታችን ለፍርድ ቤት ሥራ ተፈታኞች ይከፈት

የተከበራችሁ የአያት ጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ነዋሪዎች፤

 እንደሚታወቀው በሰፈራችን ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ በዚህ ሰሞን ለፍርድ ቤት የአስተዳደር ሥራ ለመወዳደር ተመዝግበው ፈተና የሚጠብቁ አሉ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የችሎት ጸሐፊ፣ ሬጅስትራር፣ መጥሪያ አድራሽ የሚባሉት የሥራ መደቦች ናቸው። ዳኝነትም ጠበቃነትም አይደለም። ዳኛው ፍርድ እንዲሰጥ ወረቀቱን የሚያሰናዳ፣ ባለጉዳዩን በመስኮት የሚቀበል፣ መዝገቡን የሚጠብቅ ሥራ ነው።

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ አንድ ጥያቄ ተነስቶ ሳይቋጭ ቀርቷል። የጋራ መጠቀሚያው ቤት፣ ሁላችንም ኮሚናል የምንለው፣ ምድር ቤቱ ያለው ትልቁ ክፍል ተከራዩ ከለቀቀ ወዲህ ባዶውን ነው። ከነዋሪው ከፊሉ ለዕቃ ማከማቻ ይከራይና ገንዘቡ ለማኅበሩ ይግባ አለ። ከፊሉ ደግሞ ተፈታኞቹ ማታ ማታ ይሰብሰቡበት፣ ይጠኑበት አለ። ነገሩ የፊታችን እሑድ በድምፅ ይወሰናል። እኛም አቋማችንን ሳንሸሽግ እንናገራለን። ክፍሉ ለተፈታኞቹ ይሰጥ እንላለን። ምክንያታችንንም አንድ በአንድ እናስረዳለን።

በመጀመሪያ ይህ የተፈታኞቹ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ይታወቅ። ያ መስኮት የማን መስኮት ነው? የእኛው ነው። ከወዲህ በኩል የምንቆመው እኛ ነን። አያት የመጣነው ከየአቅጣጫው ነው፤ አንዱ ከመሀል ከተማ በልማት ተነስቶ፣ አንዱ ዕጣ ወጥቶለት፣ አንዱ በኪራይ። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የምሥራቁ መስመር መጨረሻ ጣቢያ አያት ነበረ፤ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሆኖ የተዋቀረውም በ2013 ዓ.ም. ነው። ሰፈሩ አዲስ ቢሆንም ጉዳዩ ግን አዲስ አይደለም። አባት ሲሞት የወራሽነት ማስረጃ፣ ትዳር ሲፈርስ የንብረት ክፍፍል፣ ተከራይ ኪራይ ሲያስቀር ክስ፣ አሠሪ ደመወዝ ሲከለክል አቤቱታ አለ። ዛሬ ያልደረሰበት ነገ ይደርስበታል። ታዲያ በዚያ መስኮት ወዲያ ማዶ የሚቀመጠው ሰው ሥራውን የሚያውቅ እንዲሆን የማይፈልግ ማን ነው?

በዱሮ ዘመን ሙግት በአፍ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ፤ በላ ልበልሃ እየተባባሉ ይሟገታሉ። መዝገቡ የሰው ጆሮ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀስ በቀስ ወደ ወረቀት ሄደ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1954 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1958 ዓ.ም. ወጣ። ዛሬ በፍርድ ቤት የተነገረው ነገር መዝገብ ላይ ካልሰፈረ እንዳልተነገረ ነው። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው የሚፈስ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ዛሬ ግን ሕግ የሚቆመውም የሚሄደውም በመዝገብ ነው፤ መዝገቡን የያዘው እጅ ከሰነፈ ዳኛው ምን ቅን ቢሆን ፍርዱ ይዘገያል።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ለማለት የተሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። በወንጀል ጉዳይ ደግሞ ይግባኝ እንደሚል በ15 ቀን ውስጥ አሳውቆ፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ማስገባት አለበት። እንግዲህ ልብ በሉ። ቀኑ አንድ ሁለት እያለ ይቆጠራል። ግልባጩን የሚሰጠው ሠራተኛ «ነገ ተመለሱ» ባለ ቁጥር ከ60ው ቀን አንዱ ይጎድላል። ከአያት ልደታ ደርሶ መመለስ የታክሲውን ወረፋ ጨምሮ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የቀን ሠራተኛ የሆነ ጎረቤታችን አንድ ቀን ሲመላለስ የዚያን ዕለት እንጀራውን ያጣል።

በማኅበራችንም የደረሰ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የኪራይ ገንዘብ ላስቀረ ሰው ክስ መሥርተን ነበር፤ የፍርድ ቤቱን ስም አንጠራም። በቀጠሯችን ቀን ስንቀርብ መዝገቡ ጠፋ ተባለ። ሁለተኛም ሄድን፣ ጠፋ። ሦስተኛም እንዲሁ። በመጨረሻ አንዲት አስተዋይ ሠራተኛ ኮምፒዩተሩ ላይ ደጋግማ ፈልጋ አገኘችው። ለካስ የተከሳሹ አባት ስም ክሱ ላይ በ«ጸ» ተጽፎ ሳለ መዝጋቢው በ«ፀ» አስገብቶት ኖሯል። ለጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በአንድ ፊደል ሦስት ቀጠሮ ተቃጠለብን። ያቺ ሠራተኛ ጉቦ አልጠየቀችንም፤ ዘመዳችንም አልነበረችም፤ ሥራዋን ታውቅ ነበር፣ አበቃ። እኛ በትምህርት ብዙ ያልገፋን ሰዎች ነን፤ ሆኖም ሥራውን የሚያውቅና የማያውቅ ሠራተኛ ልዩነቱ ምን እንደሆነ በመስኮቱ ወዲህ ቆመን ተምረናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሰፈራችን ፈተና ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ሰው አለህ ወይ?» የሚል ነው። ወላጅ ልጁን መጽሐፍ ያዝ ከማለቱ በፊት ማንን እናውቃለን ብሎ ስልክ ያነሳል። ከዚህም አልፎ ጥያቄውን አስቀድሜ አመጣለሁ የሚል ደላላ እንደሚዞር ሰምተናል። ወጣቶቹም «ብናጠናስ ማን ያሳልፈናል?» ይላሉ። ይህ ጥርጣሬ ከመሬት ተነስቶ የመጣ ነው አንልም። በዝምድና የገባ አይተናል፤ እናንተም አይታችኋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነን።

ነገር ግን የውድድር ፈተና የተፈጠረው ይህንኑ በሽታ ለመከላከል መሆኑን አንርሳ። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሥራ ለባለሥልጣን ዘመድና ወዳጅ ይታደል ስለነበር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 አጥኚዎች ይህ ቀርቶ በፈተና ይሁን ብለው ጻፉ። በቻይና ደግሞ የመንግሥት ሹም በፈተና ሲመረጥ ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይቶ የቀረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ነው። በአገራችንም የመንግሥት ሠራተኛን አስተዳደር የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም የተፈለገው ቅጥርና ዕድገት በችሎታ እንዲሆን ነበር። የደሀ ልጅ ከባለሥልጣን ልጅ እኩል የሚቀመጥበት ወንበር ቢኖር የፈተና ወንበር ነው። ወንበሩ አንዳንዴ ይነቀነቃል፤ ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ወንበር የለንም።

በዚህ ላይ አንድ የማይስተዋል ነገር አለ። ሳይዘጋጅ የሚቀመጥ ተፈታኝ ዝምድናን ይረዳል። እንዴት ቢባል፣ የማለፊያውን ነጥብ የሚያመጣ ሲጠፋ «ያለውን እንውሰድ» ይባላል፤ ያኔ ያለው የሚባለው ባለ ዘመዱ ነው። በደንብ የተዘጋጁ ተፈታኞች በርከት ብለው ሲቀርቡ ግን ዘመዱን ማስገባት የሚፈልገውም ሰው ያፍራል፤ ባያፍር እንኳ ይፈራል። ውጤቱ ይለጠፍ፣ ቅሬታችን በጽሑፍ ይታይ ብሎ መጠየቅ የሚችለውም ያጠና ነው። ያላጠና በምን አፉ ይጠይቃል?

የደላላውን ነገርማ ልጆቻችን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ወጣና ተሰረዘ፤ የተሰረቀውን ያላየውም ልጅ እንደገና እንዲቀመጥ ሆነ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ያን ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ የምንማረው፣ በኩረጃ ላይ የተሠራ ቤት አንድ ቀን ጥበቃ ሲጠብቅ ወዲያው እንደሚናድ ነው። በ2016 ዓ.ም.ም የከተማችን አስተዳደር ሠራተኞቹንና ኃላፊዎቹን ፈትኖ ብዙዎቹ ማለፊያውን እንዳላገኙ በዜና ሰምተናል። ስለዚህ ፈተና ለመቀጠር ብቻ አይደለም፤ ከተቀጠሩም በኋላ ይመጣል። በተገዛ ጥያቄ የገባ ሰው በሚቀጥለው ምን ሊገዛ ነው? ደግሞም በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 የሚቀጣው ተቀባዩን ብቻ አይደለም፤ ሰጪውንም ነው። በፍርድ ቤት ተቀጥሮ ሕግ ሊያገለግል የተነሳ ልጅ ገና በሩ ላይ ሕግ ጥሶ ቢገባ ባለጉዳይን እንዴት አድርጎ በቅን ዓይን ያያል?

እንግዲህ ተፈታኞች ምን ይዘጋጁ? ሥራውን ከሚያውቁ ነዋሪዎቻችን ጠይቀን የተረዳነውን በአጭሩ እናስፍር።

አንደኛ፣ ማስታወቂያውን በደንብ ማንበብ። የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ተፈላጊ የትምህርት ደረጃና ልምድ፣ የምዝገባ ቀንና ቦታ ተለይቶ ይጻፋል። ኦሪጅናልና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ሲባል ሁለቱንም ነው። የብቃት ማረጋገጫ ሲጠየቅ አብሮ መያዝ ነው። በማስረጃው ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ አስቀድሞ ማስተካከል ይበጃል። አራት ኪሎ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ስልክ ቁጥር ብቻ ገልብጦ መምጣት አይበቃም።

ሁለተኛ፣ የፍርድ ቤቶችን አወቃቀር ማወቅ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 78 ስለ ነፃ የዳኝነት አካል፣ አንቀጽ 79 ስለ ዳኝነት ሥልጣን፣ አንቀጽ 37 ደግሞ ማንም ሰው ፍትሕ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት የሚለው አንቀጽ 19፣ ተከሳሽ ቋንቋውን ካልተረዳ በመንግሥት ወጪ ይተረጎምለት የሚለው አንቀጽ 20 ለችሎት ሠራተኛ የዕለት ሥራው ነው። የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚያያዙ፣ የአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶች ከእነዚህ በምን እንደሚለዩ፣ ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ሌሎቹን ፍርድ ቤቶች እንደሚያስገድድ ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ዱሮ ቁጥር 25/1988 ነበር፤ አሁን ቁጥር 1234/2013 ነው። አሮጌውን ብቻ ከአሮጌ ደብተር ያጠና ይሳሳታል።

ሦስተኛ፣ የመዝገብን ጉዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማወቅ። ክስ ሲቀርብ ምን ይታያል? የዳኝነት ክፍያ መቼ ይከፈላል? መጥሪያ እንዴት ይደርሳል፣ ደረሰ ተብሎስ እንዴት ይመዘገባል? ቀጠሮ ሲሰጥ፣ ትእዛዝ ሲወጣ፣ ግልባጭ ሲጠየቅ፣ መዝገብ ሲዘጋ ምን ይደረጋል? ይህን በቃል ከመሸምደድ አንዱ ባለጉዳይ፣ አንዱ ሠራተኛ ሆኖ እየተቀባበሉ ቢለማመዱት በአንድ ሳምንት ይገባል። ለዚህም ነው ብቻ ከማጥናት በአንድ ላይ ማጥናት ይሻላል የምንለው።

አራተኛ፣ እጅና ጽሑፍ። በአማርኛ ኮምፒዩተር ላይ ሳይሳሳቱ መጻፍ፣ ሀ እና ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን ስም ላይ እንዳሉ መገልበጥ፣ ቁጥርና ቀንን ሁለት ጊዜ ማየት። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ትልቁ ዕውቀት ይኸ ነው። ከዚህም ሌላ ምሥጢር መጠበቅና የባለጉዳይ አቀባበል አለ። መስኮት ላይ የመጣች የተጨነቀች እናት መጀመሪያ የምትፈልገው «እንደምን አደሩ እናቴ፣ ጉዳይዎ ምንድን ነው?» የሚል ቃል ነው። ይህን ደግሞ ቤታችን ልናስተምረው የምንችለው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ በየቤቱ አይሆንም ወይ የሚል ይኖራል። አይሆንም። ባለ አንድ መኝታው ቤት ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ይኖራል፤ ቴሌቪዥኑ አለ፣ ሕፃኑ አለ፣ እንግዳው አለ። ኮምፒዩተር ያለው ልጅ አንድ ቤት፣ የሕግ መጽሐፍ ያለው ሌላ ብሎክ ነው። ሴቶቹ ልጆች ደግሞ የቤቱን ሥራ ሳይጨርሱ ደብተር አይዙም። ክፍሉ ምድር ቤት በመሆኑ በክራንችና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ተፈታኞችም ደረጃ ሳይወጡ ይገቡበታል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት በአዋጅ ቁጥር 568/2000 የተነገረ ነው፤ መብቱ ወረቀት ላይ እንዳይቀር እኛም በሰፈራችን በር እንክፈት።

ክፍሉ ይከራይ የሚሉት ጎረቤቶቻችንም ክፉ አላሰቡም። የደረጃው መብራት፣ የጥበቃው ደመወዝ፣ የቆሻሻው ነገር ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሒሳቡን የምንይዘው እኛው ስለሆንን ጭንቀታቸው ይገባናል። ስለሆነም የምናቀርበው ሐሳብ ሁለቱንም የሚያስታርቅ ነው። ክፍሉ በሳምንት አራት ማታ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ለተፈታኞች ይሁን። ቅዳሜና እሑድ ለሠርግ፣ ለሰደቃ፣ ለተዝካርና ለስብሰባ በኪራይ ይሰጥ። ለዕቃ ማከማቻ ከተሰጠ ግን ቁልፉ የአንድ ሰው ይሆናል፤ የጋራ ቤት መባሉም በስም ብቻ ይቀራል። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 በጋራ ባለቤትነት ያስተሳሰረን ይህን መሰሉን ነገር ተነጋግረን እንድንወስን ነው።

ከእያንዳንዳችንም የሚጠበቅ አለ። በፍርድ ቤት ሠርታችሁ ጡረታ የወጣችሁ በሳምንት አንድ ማታ ኑና አስረዱ። ጠበቆችና መምህራን የሆናችሁ የአንድ ሰዓት ጊዜ ስጡ። እድሩ ወንበርና ጠረጴዛ ያውስ። ትርፍ ኮምፒዩተር ያለው ለፈተናው ጊዜ ያምጣ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» መባሉ ለዚህ ነው። ተፈታኞችም ግዴታ አለባችሁ። ክፍሉ የጥናት እንጂ የጫትና የኳስ ወሬ ቦታ አይደለም፤ ደላላ ይዞ የሚመጣ ቢኖር በሩ ይዘጋበታል። ያወቀ ላላወቀ ያሳይ። ተፎካካሪዬ ነውና አልነግረውም የሚል ካለ፣ ነገ መስኮት ላይ ለባለጉዳይም አይነግርም።

በመጨረሻ ለወላጆች አንድ ቃል እንበል። ቦታው ጥቂት፣ ተወዳዳሪው ብዙ ነው። ከሚያጠኑት ልጆች የማያልፉ ይኖራሉ፤ ምናልባትም የማያልፉት ይበዛሉ። ልጃችሁ ባያልፍ «የሰው ልጅ ሲያልፍ» ብላችሁ አታሳቅቁት። ያጠናው ነገር ሜዳ ላይ አይወድቅም። አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ቀጠሮ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ የይግባኝ ቀን እንዴት እንደሚቆጠር የሚያውቅ ልጅ በየብሎኩ አንድ ቢኖረን፣ አሮጊቶቻችን አንዲት ወረቀት ለማስነበብ ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ ጸሐፊ ፍለጋ አይንከራተቱም። ያለፈውም ልጅ መስኮቱ ላይ ሲቀመጥ ከወዲህ የቆመው የአያት ሰው መሆኑን ያስታውሳል፤ የሌላ ሰፈር ሰው ቢሆንም እንዲሁ ያስተናግዳል።

ስለዚህ የፊታችን እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በኮሚናሉ እንገናኝ። አልመጣም ብሎ ቤቱ የሚቀር ሰው ድምፁን ለሌላ እንደሰጠ ይቁጠረው። እጃችሁን ስታወጡ ባዶ ክፍል ለማን እንስጥ እያላችሁ ብቻ አታስቡ፤ ነገ መዝገባችንን ማን ይያዝልን ብላችሁም አስቡ።

ሥራ ለሚችል ይሰጥ! ልጆቻችን እንዲችሉ በር እንክፈት!

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ሥራ አመራር ኮሚቴው
አያት